የአስካለ ነጠላ ጠማማ ጫፍ

አንድ ሸማኔ ነበር፤ ስሙ አልታዬ ይባላል። በሸማኔዎች ሰፈር እጁ የተመሰገነ ነበር። አንድ ቀን የቤቱን ክዳን ሲያድስ ከጣሪያ ወደቀና ሁለቱም እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ሽመና በእጅ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ! ሸማኔ እግሩን ከሚከትበት ጉድጓድ ውስጥ ያሉት እግሮች ገመድ እየሳቡ ድሩን ከፍ ዝቅ ካላደረጉት መወርወሪያው ማለፊያ የለውም። ስለዚህ አልታዬ ሥራውን ትቶ ቤት ዋለ።

ጎረቤቶቹ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ያጎርሱታል፣ ተሸክመው ፀሐይ ያሞቁታል፣ "አይዞህ፣ አንተ ብቻ አርፈህ ተቀመጥ" ይሉታል። እሱን ግን ያንገበገበው መቀመጡ ነበር። አንዲት ልጁ አስካለ ልትዳር ነው፤ በዚያ ሰፈር ደግሞ የሙሽራዋን ነጠላ የሚሠራው አባቷ ነው። ሌላ ሰው የሚሠራላት አባቷ የሞተባት እንደሆነ ብቻ ነው። "እኔ እያለሁ ልጄ እንደ ሙት ልጅ ልትዳር ነው" እያለ ያለቅስ ነበር።

ይህን የሰሙ አንዲት አሮጊት መምህርት መጡ። ደብሪቱ ይባላሉ፤ ሥራቸው አካሉ የተጎዳን ሰው ባልተጎዳው አካሉ እንዲሠራ ማስተማር ነው። አናጢ አስጠርተው ገመዶቹን ከጉድጓዱ አስወጡና በግራ ክርን ከሚገፋ ዘንግ ጋር አሳሰሩለት።

"ክርንህ የእግርህን ሥራ እስኪለምድ ያስቸግርሃል" አሉት። "ቢበላሽብህ አትደንግጥ፣ ፈትተህ ድገመው። በሳምንቱ እመለሳለሁ።"

አልታዬ የልጁን ነጠላ ጀመረ። ወይ መከራ! ክርኑ ሲገፋ እጁ ይረሳል፣ እጁ ሲወረውር ክርኑ ይረሳል። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ለፍቶ የሠራት ሦስት ጣት የማትሞላ ጠማማ ነገር ነበረች። ጓደኛው ዋጌሾ፣ እሱም ሸማኔ ነው፣ ያን ዕለት አይቶ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ግን አንጀቱ አልቻለም፤ ማታ አልታዬን ተሸክመው ቤቱ ሲያስገቡት ዋጌሾ የዕለቱን ሥራ ፈታና በራሱ እጅ አሳምሮ ሠራው። በየቀኑም እንዲሁ ያደርግ ጀመር። አልታዬ ጠዋት ጠዋት ሲያየው "ለካ ትናንት ደክሞኝ ነው ጠማማ የመሰለኝ" ይላል። ማመን ስለፈለገ አመነ።

በሳምንቱ መምህርት ደብሪቱ መጥተው ሥራውን አዩ።

"ቆንጆ ነው። የማን ሥራ ነው?"

"የኔ ነዋ! የማን ይሆናል?"

"እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ ዳብሰው።"

ሸማኔ የእጁን ምት ያውቃል፤ የጓደኛውንም አያጣውም። አልታዬ ጣቱን ከጠማማዋ ጀምሮ ወደፊት አሳለፈና ድንገት ቆመ። ፊቱ ጠቆረና አጠገቡ ወደ ቆመው ወደ ዋጌሾ ዞረ።

"ዋጌሾ፣ ይሄ ያንተ እጅ ነው።"

"አዝኜ ነው እኮ ወንድሜ! ሠርጉ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው።"

"ታዲያ ልጄን የምድራት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

መምህርት ደብሪቱ ወደ ዋጌሾ ዞሩ። "ደግ ሰው ነህ፤ ግን ተሳስተሃል። የት ላይ እንደሳተ ጠዋት ተነስቶ ካላየ በምን ያርመው? ስህተቱን ስትወስድበት ትምህርቱን ነው የወሰድክበት።"

"ፍታው" አለ አልታዬ።

"ሠርጉስ?"

"ፍታው አልኩህ!"

ዋጌሾ ያን የመሰለ ሥራውን እንባው እየወረደ በገዛ እጁ ፈታው። ሦስት ጣት የማትሞላው ጠማማ ብቻ ቀረች። አልታዬ ከእሷ ቀጠለ። ሠራ፣ ተበላሸበት፣ ፈታ፣ ደገመ። ዋጌሾ አጠገቡ ተቀምጦ መወርወሪያው ውስጥ በሚገባው ቀሰም ላይ ማግ ያጠነጥንለታል፤ ስህተት ሲያይ ግን እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። ከብዶት ነበር፣ አልዋሻችሁም። ክርኑ ቀስ በቀስ ለመደ፤ ነጠላውም ወደ መጨረሻው እየጠራ ሄደ። በሠርጉ ዋዜማ አለቀ።

ሴቶቹ ነጠላውን ዘርግተው አዩና "ቀሪው ግሩም ነው፤ ይህቺን ጠማማ ጫፍ ብቻ ቆርጠን እንጣላት" አሉ።

"ንክች እንዳታደርጓት!" አለች አስካለ። "እሷ ባትኖር ኖሮ ቀጥ ያለውን ዋጌሾ ነው የሠራው ትሉኝ ነበር።"

በማግስቱ ሙሽራዋ ነጠላዋን ጠማማው ጫፍ ለሰው ሁሉ እንዲታይ አድርጋ ለበሰች። አልታዬ የልጁ አባት ሆኖ መረቃት።

ወዳጆቼ፣ ለተጎዳ ሰው ማዘን መልካም ነው። መማር ግን መሳሳትን፣ ስህተትን ማየትንና መድገምን ይጠይቃል። አልታዬ ዘንጉ ያስፈልገው ነበር፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ወዳጅም ያስፈልገው ነበር። የማያስፈልገው እሱን ተክቶ የሚሠራ እጅ ነው። አንዳንዱን ሰው ቤት ያስቀመጠው የእግሩ ጉዳት ሳይሆን የኛ ደግነት ነው።

እስቲ ዛሬ ዞር ብላችሁ ቤታችሁን እዩ፤ ሳያያችሁ ሥራውን ፈትታችሁ የምትሠሩለት ሰው የለም?