አያ ጅቦ ያስፈረሰው ቃሬዛ

ይህን ያጫወቱን እማማ ዘርትሁን ናቸው፤ ወፍጮ ቤት ወረፋው ሲረዝምባቸው ጀመሩት። ውሸት ካለበት ኃጢአቱ የሳቸው ነው።

አንድ ጊዜ የአጋም በር አራዊት ጫካቸው በየበጋው እየተቃጠለ ቢያስቸግራቸው እሳት አጥፊ አቆሙ። ከርከሮዎች አፈር እየቆፈሩ ነበልባሉን ያዳፍናሉ፤ እመት አህዪት ቁስለኛውን በቃሬዛ እየጎተተች ታወጣለች፤ እመት ጦጢት ደግሞ የተቃጠለውን በማርና በእሬት ታክማለች። ለቀለባቸው እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቁና እህል ያዋጣል። አያ ጅቦ እንኳ አጥንት ያዋጣ ነበር፤ ጨርሶ የተጋጠ ቢሆንም።

ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣና ጎተራው ጎደለ። አያ አንበሶ ሸንጎ ጠሩ። «ወጪ ይቀነስ!» አሉ፣ ጮማቸውን እያላመጡ። ጮማው ይቀነስ ብሎ ትንፍሽ ያለ የለም።

እመት ቀበሮ ጅራቷን አስተካክላ ተነሳች። «ጌታዬ፣ እሳት የሚያጠፋው አፈር ነው። ማርና እሬት እሳት አጥፍቶ ያውቃል? ከርከሮዎቹ ይቆዩ፤ ቃሬዛው ይቅር። እንጨቱም ለርስዎ ደህና መቀመጫ ይወጣዋል።»

«እሳቱ ከጠፋ በኋላ የተቃጠለውን ማን ያነሳዋል?» አለች አህዪት።

«አንቺ ደግሞ! የሚያንገበግብሽ ቀለብሽ ነው!» አለች ቀበሮ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

አያ ጅቦ ግን አልሳቀም። እያሰበ ነበር፤ ማሰብ ደግሞ ልማዱ አይደለም። ቁስለኛ ሁሉ በቃሬዛ እየተነሳበት ስንት በጋ ጾሙን አድሯል! ቃሬዛ ከሌለ ቁስለኛው እዚያው ይቀራል። እዚያው ከቀረ ደግሞ... ምራቁን ዋጠና ሁለት እጁን አነሳ። «ይቅር! ይቅር!»

«አያ ጅቦ፣ አንድ እጅ ይበቃል» አለች ጦጢት።

ቃሬዛው ፈረሰ፤ አያ አንበሶ ተቀመጡበት። ጦጢትም እሬቷን ይዛ ወደ ገደሏ ወጣች።

ወር ሳይሞላ በጠራራ ፀሐይ ጫካው ተያያዘ። ሁሉም ወደ ወንዙ ሲሮጥ አያ ጅቦ ብቻውን ወደ እሳቱ ሮጠ፤ የተጠበሰ ቁስለኛ ማንም ሳይቀድመው ሊያገኝ። ከፍሙ መሃል ገባና ራሱ ተጠበሰ። ከርከሮዎቹ እሳቱን አዳፍነው ሲያበቁ መሬት ላይ ተዘርግቶ አገኙት።

«አንሱኝ!» አለ።

«እኛ የምናውቀው እሳት ማጥፋት ነው፤ አንተ ደግሞ አሁን አትነድም» ብለው እግራቸውን አራግፈው ሄዱ።

እመት አህዪት ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ጅቦን ስታይ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች፤ እናቷን የበላው እሱ ነው። ግን ሆዱ ተልጦ ስታየው አንጀቷ አልቻለም።

«እህቴ፣ አህዪትዬ፣ ዘመዶቼ ሳይሰሙ ቶሎ ጎትቺኝ!»

«ቢሰሙስ? ያስታምሙህ የለ?»

«አታውቂያቸውም! የኛ ዘር የቆሰለ ሲያገኝ ቅርጫ ነው የሚያደርገው!»

«በጀርባዬ ብጭንህ ሆድህ ተልጦ ያልቃል፤ ቃሬዛ ነው የሚያስፈልገው። ቆየኝ» አለችና ወደ ሸንጎው ሮጠች።

አያ አንበሶ እመቀመጫቸው ላይ ናቸው። «ጌታዬ፣ አንዴ ይነሱልኝ፤ እንጨቱን ለቁስለኛ ፈልጌው ነው።»

ቀበሮ ጥልቅ አለች። «በሸንጎ የፈረሰ በሸንጎ ነው የሚሠራው። ሸንጎ ደግሞ ለሐሙስ ነው።»

«እስከ ሐሙስማ ይሞታል!»

«ቁስለኛው ማነው?» አሉ አንበሶ።

«አያ ጅቦ።»

«እሱማ ድምፁን ሰጥቷል፤ ያውም በሁለት እጁ» አሉና ተመቻችተው ተቀመጡ።

አህዪት ባዶዋን ስትመለስ የጅቦ የአጎት ልጆች ክብ ሠርተው ደርሰዋል። «ወይ ወንድማችን! ወይ ወንድማችን!» እያሉ ያለቅሳሉ፤ ከእንባቸው ምራቃቸው ይበዛል። አህዪት ለእግዜር ይማር እንኳ አልቆመችም፤ ዞራ ፈረጠጠች።

አያ ጅቦ ጀምበር ሳትጠልቅ ተበላ። ለከርከሮዎቹ ተጨበጨበ። እመት ቀበሮ ቃሬዛው የት እንደገባ ለሚያጣራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነች። አያ አንበሶ አሁንም ተቀምጠውበታል። አህዪትና ጦጢት ከቀርከሃ ሌላ ቃሬዛ ሠርተው ያለ ቀለብ ይጎትታሉ።

ከዚህ የምንማረው በሰው ቁስል እጠግባለሁ ብሎ ቃሬዛ ያስፈረሰ፣ የወደቀ ዕለት የሚከፋፈለው እንጂ የሚያነሳው እንደማያገኝ ነው።