የዋሴ ፉጨት

ድሮ ነው፤ ቆላው ሁሉ ዱር በነበረበት፣ ድኩላ ከሰው አጥር ሥር በሚያድርበት ዘመን። በዋንዛ ጉር መንደር ዋሴ የሚባል አዳኝ ነበር። ዛሬ ይህን ማሽላ የምትበሉት በእሱ ነውና ጸጥ ብላችሁ ስሙ።

ዋሴ አጭር ነበር፤ ቁምጣውም የተጣፈ ነበር። አንበሳ አልገደለም፤ ዝሆን አልጣለም። የሚያድነው ድኩላና ሚዳቋ ነው። ስለዚህ በሰርግ ላይ "ፎክር" የሚለው አልነበረም። ደግሞ የሚያስቅ አመል ነበረው። በውጅግራ ጠመንጃው ካነጣጠረ በኋላ አንዴ፣ ረዘም አድርጎ ያፏጫል። ድኩላው ቆም ብሎ ቀና ይላል። ያኔ ይተኩሳል። አንዳንዴ ግን ድኩላው ይፈተለካል፤ ዋሴም ባዶ እጁን ይገባል።

"ምናለ ዝም ብለህ ብትተኩስ?" ትለዋለች ሚስቱ እታለማሁ፣ ድስቷ ባዶ ሲቀር።

"ሳይሰማኝ ብገድለውማ ስርቆት ነው" ይላታል።

ከዕለታት አንድ ቀን ጣሊያን መጣ። ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ምሽግ ሠራ፤ መትረየስ ጠመደ። የደረሰው ማሽላ ከምሽጉ ሥር ነው። ሊያጭድ የወጣ ሁሉ ይተኮስበታል። ማሽላው ካልገባ መንደሩ ክረምቱን አይሻገርም። የጎበዝ አለቃው ቢተው አርበኞቹን ሰብስቦ መከረ። ዋሴም ውጅግራውን ይዞ መጣ።

"ይሄ ደግሞ ጠላትን በፉጨት ሊያባርርልን ነው!" አለ ቢተው። ሁሉም ሳቁ።

ዋሴ ግን ጎህ ሲቀድ በደረቱ ተስቦ ማሽላው ውስጥ ገባ። አነጣጠረ። አፏጨ። የመትረየሱ ተኳሽ ቀና አለ። ዋሴ ተኮሰ፤ መትረየሱም ዝም አለ። መንደሩ እልል አለ። "አሁንስ ፎክር!" አሉት። አልፎከረም። "ድኩላ ቢሆን ሥጋው ይበላ ነበር፤ ይሄ ግን የእናት ልጅ ነው" ብሎ አቀረቀረ።

ጠላት ሌላ ተኳሽ አስቀመጠ። ዋሴ ተመልሶ ሄደ። አነጣጠረ። አፏጨ። አሁን ግን ቀና ያለ የለም። ተኳሹ በሆዱ ተኛ፤ ምሽጉ ሁሉ በሆዱ ተኛ። ቀና ሊሉ ሲሉ አፏጨ፤ ተኙ። እንደገና አፏጨ፤ እንደገና ተኙ። ዋሴ ሳቁ መጣ። ጣቱን ከምላጩ አነሳና መንደርተኛውን "ኑ፣ እጨዱ" ብሎ በእጁ ጠራ። እሱ ሲያፏጭ፣ ሰው ሲያጭድ፣ ጠላት አፈር ሲያሸት ዋለ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። ማሽላው አውድማ ገባ።

ሦስተኛው ጊዜ ግን ባሰ። ዋሴን ወባ ጣለው። ቢተውና አርበኞቹም ወንዝ ማዶ ሄደው ነበር። ጠላት ይህን ሰማና ማሽላውን ሊወስድ፣ ከረጢቱን ይዞ ወደ አውድማው ወረደ። ዋሴ ሊነሳ ሞከረ፤ ወደቀ። ሊያፏጭ ከንፈሩን አሞጠሞጠ፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ እንጂ ድምፅ አልወጣውም።

እታለማሁ አየችው። በዚያ ዘመን ሴት ካፏጨች ነውር ነው፤ ሰይጣን ትጠራለች ይባላል።

"ሰይጣንም ቢመጣ ከእነዚህ አይብስ!" አለች፤ ከአውድማው አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ገባች። አንዴ፣ ረዘም አድርጋ አፏጨች። የባሏን ፉጨት ስትሰማ ኖራ የለ? ወታደሮቹ በሆዳቸው ተኙ። ጎረቤቷ ሰምታ ከአጥሯ ሥር አፏጨች። ሌላዋም ቀጠለች። ከየጓሮው፣ ከየቁጥቋጦው፣ ከየዛፉ ሥር ፉጨት ሆነ። ጠላት አገሩ ሁሉ ዋሴ መሰለው። ከረጢቱን ትቶ፣ ቆቡን ትቶ፣ በሆዱ እየተሳበ ዳገቱን ወጣ። ሳይውል ሳያድርም ምሽጉን ትቶ ሄደ።

ዋሴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። "ያቺ ቀጭኗ ፉጨት የእኔዋ ናት" አለ፤ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

ቢተው ሲመለስ ሁሉን ሰማ። የቀለደው ቀልድ ትዝ አለው። ምን ያድርግ? ሄዶ አውድማው መሀል በሆዱ ተኛ። ሴቶቹም አፏጩበት።

ከዚያ ወዲህ በዋንዛ ጉር ማሽላ ሲወቃ ሴቶች ያፏጫሉ፤ እኛ ወንዶች በሆዳችን እንተኛለን። እነሱ አፏጭተው ካልጠገቡ አንነሳም። ዘንድሮ እኔን፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ምራቴ ጨክና አቆየችኝ! ሰውን ከጀርባው የሚመታ ሲገኝም "ዋሴ እንኳ ያፏጫል" እንላለን።

ዋሴ አርጅቶ ሞተ። ለቀስተኛው በመቃብሩ ዙሪያ አቀርቅሮ ሳለ፣ እታለማሁ ከራስጌው ቆመች። አንዴ፣ ረዘም አድርጋ አፏጨች። ሰው ሁሉ ቀና አለ።