በሽፋኑ ላይ የቀረ ባዶ ቦታ

በገዛ ሥራው ላይ መቀለድ የሚወድ አንድ የአልበም ሽፋን አዘጋጅ ነበር። የሠርጉን ጥሪ ወረቀት በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ግማሹ እንግዳ የሙት ዓመት መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደመጣ የሚያወራው ራሱ ነው።

አንድ ቀን ዝነኛው ድምፃዊ ሸዋንግዛው አጃቢዎቹን አስከትሎ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣና፣ «ፊቴ ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር ይሙላው» ሲል አዘዘ።

«ጋሼ፣ ዳር ዳሩን እኮ መቁረጫው ይበላዋል» አለ አዘጋጁ።

«እኔን የሚቆርጥ ገና አልተወለደም። ዝም ብለህ አሳድገኝ።»

አሳደገው። የሙከራው እትም ተቆርጦ ሲወጣ ታዲያ ግራ ጆሮው የለም፤ አገጩም ግማሹ ሄዷል። አጃቢዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ድምፃዊው ጦፈ።

«ለፋሲካ መድረስ ስላለበት እንዲሁ ይታተም። ግን ስምህን በትልቁ ጻፍበት፤ የማን ውርደት እንደሆነ አገር ይወቅልኝ።»

አዘጋጁ አንገቱን ደፋ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፤ እኔ ለዚህ ሥራ ዓይን አልተሰጠኝም። ስሜ ቢወጣ የሚያፍሩት ባለቤቴና ልጆቼ ናቸው፤ እነሱም ለምደውታል። ችግሩ የቦታ ነው። ዳር ላይ እንዳልጽፈው መቁረጫው ይበላዋል፤ ከታች እንዳላደርገው አፍዎና አፍንጫዎ ሞልተውታል። በትልቁ ለመጻፍ የሚበቃ ባዶ ቦታ የቀረው ግንባርዎ ላይ ብቻ ነው። እና ጋሼ፣ ውርደቴ እዚያ ላይ በቀይ ይሁንልዎ ወይስ በጥቁር?»