የአንደኛ ክፍል በር

ጠጋ በሉና ስሙ፤ የምነግራችሁ አልከፈት ስላለ አንድ በር ነው።

እንሰት በከበባት አንዲት ትንሽ ከተማ ቅድስት ሞኒካ የሚባል የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። ኮሮና መጣ ተብሎ ተዘጋ። ልጆቹ ቤታቸው ገቡ፣ ትምህርቱ ስልክ ውስጥ ገባ። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ አጋታ ኤርሳዶም ጓዳዋ ቁጭ ብላ፣ ስልኳን አፏ ሥር ይዛ፣ ትምህርቷን በድምፅ እየቀዳች በየማለዳው በቴሌግራም ለወላጆች ስትልክ ከረመች። ድምፅዋ ጥሩ ነበር። ርዕሰ መምህሯ ሲስተር ብርክቲ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት አመስግነዋታል። አጋታም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋናውን ወዳዋለች።

ከዚያ ትምህርት ቤቶች ይከፈቱ የሚል ፈቃድ መጣ። ገበያው ድሮም አልተዘጋም፤ ሠርጉም ለቅሶውም አልቀረም ነበር። ቅድስት ሞኒካ ግቢውን አጠበ፣ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ተከለ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ ሰቀለ። ትልልቆቹ ልጆች ገቡ። አንድ ልጅ በአንድ ዴስክ ስለተባለም የአንደኛ ክፍልን ዴስኮች ጭምር ወሰዱ። እንኳን ደህና መጣችሁ የተባሉት ትንንሾቹ ግን አልመጡም፤ ክፍላቸው እንደተቆለፈ ቀረ። አጋታም በስልክ ማስተማሯን ቀጠለች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ግቢው ስትገባ አንዲት ልጅ ዩኒፎርሟን ለብሳ በአንደኛ ክፍል በር ፊት ቆማ አገኘቻት። ሪታ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጉልበቷን ይሸፍን የነበረው ቀሚስ አሁን አጥሮባታል። እነሪታ ቤት ስልክ የለም። የአጋታ ጥሩ ድምፅ አንድም ቀን ደርሷት አያውቅም።

አጋታ ምን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት።

«ቁጭ ማለት» አለች ሪታ።

«የት?»

«እዚህ ውስጥ። ዴስክ ላይ።»

ከዚህ ያነሰ ነገር የጠየቀ ተማሪ አጋታ አስተምራ አታውቅም። ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ እናቷ ወሰደቻት። እናቷ ወይዘሮ ታደለች ገበያ ዳር ቆጮ ትሸጣለች። ታደለችም ነገሩን ሳትደብቅ ለአጋታ ነገረቻት። የሪታ አክስት ከሐዋሳ መጥታለች፤ ሰኞ ትመለሳለች፤ ሕፃን የምትይዝላት ልጅ ትፈልጋለች።

«ትምህርት ቢኖር አልሰዳትም ነበር፣ መምህርት» አለች ታደለች፣ ቆጮውን በቅጠል እየጠቀለለች። «የማትማር ከሆነ ግን እዚህ ተቀምጣ ምን ታደርግልኛለች?»

አጋታ እስከ ሰኞ በሩን አስከፍታለሁ አለች። አንድ በር ነው፤ ምን ችግር አለው ብላ ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ወዳሰሩት ዘበኛ፣ ወደ ጋሼ ላፌቦ ነበር። ጋሼ ላፌቦ ኮፍያቸውን አንሥተው በአክብሮት ሰሟት፤ በአክብሮትም እምቢ አሉ። ሲስተር ካላዘዙ ይህ ቁልፍ ከአንገቴ አይወርድም አሉ። እንግዲህ ላፌቦ በሩን አይከፍቱም፤ በሩ ካልተከፈተ ሪታ ቁጭ አትልም።

አጋታ ወደ ሲስተር ብርክቲ ሄደች። ሲስተር ሥርዓት የሚወዱ ሴት ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ያለ እርሳስ እንኳ ጠማማ ሆኖ አያድርም። ልጆቹን መሬት ላይ አላስቀምጥም፣ ሁለት ሁለት አድርጌም አላስቀምጥም አሉ። የተሰባበሩት ዴስኮች አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ አናጢው ይጠግናቸው፤ ያኔ አዛለሁ። እስከዚያው ግን አንድም ቀን የስልኩ ትምህርት እንዳይቋረጥ አሉና ጣታቸውን ቀሰሩ። እንግዲህ ዴስኩ ካልተጠገነ ሲስተር አያዙም፤ ሲስተር ካላዘዙ ላፌቦ በሩን አይከፍቱም፤ በሩ ካልተከፈተ ሪታ ቁጭ አትልም።

አጋታ ወደ አናጢው ወደ አቶ ሄራሞ ሄደች። አቶ ሄራሞ መንገድ ዳር ለሙሽሮች አልጋ እየላገ ነበር። መጠገኑን እጠግናለሁ፣ ምስማሩም አለኝ አላት። ግን ዴስኮቹ ያሉት ከአዳራሹ ጥግ ነው፤ ከፊታቸው ደግሞ በበሽታው ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ለእርዳታ የመጣው ስንዴ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ስንዴውን ሰንጥቄ ልግባ ወይ ብሎ ጠየቃት። ይህን ብሎ ወደ መላጊያው ተመለሰ። እንግዲህ ስንዴው ካልተነሣ ሄራሞ ዴስኩን አይጠግንም፤ ዴስኩ ካልተጠገነ ሲስተር አያዙም፤ ሲስተር ካላዘዙ ላፌቦ በሩን አይከፍቱም፤ በሩ ካልተከፈተ ሪታ ቁጭ አትልም።

አጋታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ፣ ወደ ቆሞሱ አባ ስምዖን ሄደች። አባ ስምዖን የሪታን ነገር ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ፤ ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። ስንዴው ግን የድሆች ነው አሉ። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የቁምስናው ኮሚቴ ነው። እኔ አንድ ጆንያ ካነሣሁ ነገ አባ ስንዴ አነሡ ይባላል፤ እኔ የምችለው መጸለይ ነው አሉና፣ እዚያው ጸለዩላት። አጋታ አሜን ብላ ወጣች። እንግዲህ ኮሚቴው ካልተሰበሰበ አባ ስንዴውን አያስነሡም፤ ስንዴው ካልተነሣ ሄራሞ ዴስኩን አይጠግንም፤ ዴስኩ ካልተጠገነ ሲስተር አያዙም፤ ሲስተር ካላዘዙ ላፌቦ በሩን አይከፍቱም፤ በሩ ካልተከፈተ ሪታ ቁጭ አትልም።

አጋታ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ አቶ ኤርጫፎ ቤት ሄደች። አቶ ኤርጫፎ ከለቅሶ መመለሳቸው ነበር፤ ሳሎናቸው አብረዋቸው በመጡ ሰዎች ጢም ብሏል፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። ከመካከላቸው ግማሾቹ የኮሚቴው አባላት ነበሩ። አጋታ ደስ አላት፤ እንግዲያውስ አሁኑኑ ተሰብሰቡ አለች።

አቶ ኤርጫፎ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮሚቴው ለበሽታው ሲባል በአካል ላይሰበሰብ ወስኗል፤ የሚሰበሰበው በስልክ ነው። አጋታ ታዲያ ውሳኔውን ቀይሩት ስትል፣ ውሳኔ የሚቀየረው በስብሰባ ነው አሏት። ሰዎቹም ልክ ነው፣ ልክ ነው አሉ። ስብሰባውን በስልክ እንዳይጠሩ ደግሞ፣ የቤቱ ስልክ አንድ ነው፤ ቀን ቀን ልጃቸው ናርዶስ ትማርበታለች፤ ማታ ሲደርሳቸው ባትሪው ያልቃል፣ መብራትም ይጠፋል።

«የልጄን ትምህርት አቋርጬ ስብሰባ አልጠራም» አሉ አቶ ኤርጫፎ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «መምህርት ሆነሽ ይህን እንዴት ትጠይቂኛለሽ?»

እንግዲህ ስልኩ ካልተገኘ ኤርጫፎ ኮሚቴውን አይሰበስቡም፤ ኮሚቴው ካልተሰበሰበ አባ ስንዴውን አያስነሡም፤ ስንዴው ካልተነሣ ሄራሞ ዴስኩን አይጠግንም፤ ዴስኩ ካልተጠገነ ሲስተር አያዙም፤ ሲስተር ካላዘዙ ላፌቦ በሩን አይከፍቱም፤ በሩ ካልተከፈተ ሪታ ቁጭ አትልም።

አጋታ ልጅቷን ራሷን ላናግራት ብላ ወደ ጓዳ አለፈች። በሩ ገና ሳይከፈት አንድ ድምፅ ሰማች። የራሷ ድምፅ ነበር። ጎበዞች ይላል፤ አሁን ደብተራችሁን አውጡ ይላል፤ ጥሩ ጻፋችሁ እያለ ያመሰግናል። አጋታ በሩን ገፋ አደረገችው። ስልኩ ትራስ ላይ ተጋድሞ ያስተምራል። ደብተር የሚባል ነገር የለም። ናርዶስ መሬት ላይ ተዘርግታ ለድመቷ በአሮጌ ካልሲ ቀሚስ ታለብሳለች። ድምፁ ሲያበቃ ቀና ሳትል እጇን ሰድዳ እንደገና ከፈተችው፤ ሳሎን ያሉት አባቷ ቤቱ ጸጥ ካለ ስልኩን ይወስዱታላ።

አጋታ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ከማለዳ እየተነሣች፣ ጉሮሮዋን በሞቀ ውሃ እያራሰች የቀዳችው ሁሉ ድመት ሲያለብሱ የሚሰማ ኖሯል። እሷ በሰው ፊት የተመሰገነችበት ነገር ይኸው ነው። አልተቆጣችም። ተንበረከከችና ስልኩን ለአባቷ መቼ እንደምትሰጥ ጠየቀቻት።

ናርዶስ አየት አደረገቻት። በጭንብል ስለሆነች አላወቀቻትም።

«ሚስ መላክ ስታቆም» አለች። «ሚስ እየላከችማ ስልኩ የእኔ ነው።»

አጋታ ቀስ ብላ ወጣች። መንገዱን ሁሉ በልቧ ስታስበው ሄደች። ሚስ ካላቆመች ናርዶስ ስልኩን አትሰጥም፤ ስልኩ ካልተገኘ ኤርጫፎ ኮሚቴውን አይሰበስቡም፤ ኮሚቴው ካልተሰበሰበ አባ ስንዴውን አያስነሡም፤ ስንዴው ካልተነሣ ሄራሞ ዴስኩን አይጠግንም፤ ዴስኩ ካልተጠገነ ሲስተር አያዙም፤ ሲስተር ካላዘዙ ላፌቦ በሩን አይከፍቱም፤ በሩ ካልተከፈተ ሪታ ቁጭ አትልም። ሚስ ደግሞ ሌላ ማንም አይደለችም፤ እሷው ናት። በየደጁ እየዞረች በሩን ማን ዘጋብኝ ስትል የዋለችው እሷው።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዷ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። የሲስተር ጣት ፊቷ ላይ መጣባት፤ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ። ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። ሪታም ሐዋሳ ልትሄድ ትችላለች። ብዙ አላመነታችም።

«ልጆች» አለች ስልኩ ላይ፣ «ዛሬ ትምህርት የለም። ነገም የለም። ስልኩን ለባለቤቱ መልሱ።» ላከችውና ስልኳን ዘጋች።

እንግዲህ ሚስ አቆመች፤ ናርዶስ ደጋግማ ሰማችው፤ እውነት መሆኑን ስታውቅ አኩርፋ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች። ስልኩ ሲገኝ ኤርጫፎ ኮሚቴውን ሰበሰቡ፤ አባላቱ አጥር ለአጥር እየተያዩ በስልክ ሲጨቃጨቁ አረፈዱና፣ ለድሆች የመጣው ስንዴ ለድሆች ይሰጥ ብለው ወሰኑ። ኮሚቴው ሲወስን አባ ስንዴውን አስነሡ፤ ጸሎቴ ሰመረ አሉ። ስንዴው ሲነሣ ሄራሞ ዴስኮቹን ጎትቶ አወጣ፤ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ግቢው በመዶሻ ጩኸት ዋለ፤ ሙሽሮቹ አልጋቸውን ጠበቁ። ዴስኩ ሲጠገን ሲስተር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ በአንድ እየነቀነቁ አዩት፤ አልነቀነቅ ሲላቸው ይከፈት ብለው አዘዙ።

ካዘዙ በኋላ ግን አጋታን ለብቻዋ ጠሯት። ሐሙስና ዓርብ ትምህርት እንዳልተላከ ወላጆች ነግረውኛል አሉ። አጋታ አልላክሁም አለች፤ ሰበብም አልፈለገችም።

«እንግዲህ በአካል ትክሺዋለሽ» አሉ ሲስተር፣ እርሳሳቸውን እያቃኑ።

ሰኞ ማለዳ ታደለች ልጇን ይዛ መጣች። በአንድ እጇ ሪታን፣ በሌላው የሪታ ልብስ የታሰረበትን ፌስታል ይዛለች፤ ቃል ብቻ ሰምታ የምትመለስ ሴት አይደለችም። ሲስተር አዝዘዋልና ጋሼ ላፌቦ ቁልፉን ከአንገታቸው አወረዱ፤ በሩም ተከፈተ። ታደለች አንገቷን አስግጋ ዴስኮቹን አየች፤ ጥቁር ሰሌዳውን አየች፤ አጋታን አየች። ሪታን ለቀቀቻትና ከነፌስታሉ ወደ መናኸሪያው ሄደች፤ ለአክስትየው ሌላ ልጅ ፈልጊ ልትላት።

ሪታ ገብታ ዴስክ ላይ ቁጭ አለች።

ሌሎቹም ገቡ፤ አንድ ልጅ በአንድ ዴስክ። አጋታ ማስተማር ጀመረች። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ፈዝዘው፣ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ናርዶስ መሐል ላይ ብድግ አለችና፣ ሚስ፣ ውሃ ጠጥቼ እስክመጣ አንዴ ቁሚልኝ፣ ከዚያ ትቀጥያለሽ አለች። አጋታ ስቃ አስቀመጠቻት። ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈችና ማን ያነብልኛል አለች።

ማንም አልተነቃነቀም። ስልክ ጠይቆ መልስ ጠብቆ አያውቅም።

ከወደ ኋላ የአንዲት ልጅ እጅ ወጣ፤ ከትከሻዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ተወጥሮ።

«እሺ ሪታ፣ አንብቢ።»

ሪታ ሰሌዳውን አየች፤ አጋታን አየች። እጇን አላወረደችም።

«አላውቀውም፣ ሚስ» አለች። «እጄን ላውጣ ብዬ ነው።»

አጋታ ጠመኔውን አስቀመጠችና ወደ ሪታ ዴስክ ሄደች።