የጋሽ ይማም ጣውላ

ደሴ፣ ዳገቱ ላይ ያለው ሰፈር ውስጥ፣ ሰው ሲጣደፍ የሚባል አንድ ነገር አለ። ዝም ብሎ የተባለ እንዳይመስላችሁ! መነሻው የነዒማ ጉድ ነው፤ ጉድ ስላችሁ ጉድ!

ነዒማ እንጨት ላይ በሌዘር ጨረር እያቃጠለች ጽሑፍ የምትቀርጸው ልጅ ናት። ማሽኗን ወንድሟ እንድሪስ ነው ገጣጥሞ የሰጣት፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ሚጢጢዬ ነገር። ሲሰጣት ታዲያ፣ "ስሚ፣ ይቺን የፍጥነት መጨመሪያ ቁጥር እንዳትነኪብኝ! ስትነሳም ቀስ፣ ልትታጠፍ ስትልም ቀስ ትበል" ብሏታል። "እሺ በቃ፣ ሰማሁ!" አለችው።

ያኔ ጋሽ ይማም ከሰፈሩ እድር፣ ከቅሬው ዳኝነት ሊሰናበቱ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሰፈሩን ያስታረቁ፣ ያስቀበሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። "ምን እንሸልምዎት?" ሲባሉ፣ የመጀመሪያ መኪናቸው ተቆራርጣ ስትሸጥ ያስቀሯትን የጎን ጣውላ ይዘው መጡ። "ስሜን ጻፉባት፣ ይበቃኛል።" አንዲት ጣውላ! ሌላ የላቸውም!

ነዒማ አፏ አያርፍ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት "ኧረ ይሄማ ሩብ ሰዓትም አይፈጅብኝም!" ብላ ቁጭ። በስንብቱ ቀን ሂና ስትቀባ፣ ሻርፕ ስትመርጥ ረፈደባት። ማሽኗን ስታስነሳ ኮምፒውተሩ ሃምሳ ደቂቃ አይላትም? ሃምሳ! ያን እንዳትነኪ የተባለችውን የፍጥነት ቁጥር አምስት እጥፍ አደረገችው።

መጀመሪያ ላይ ውይ ሲያምር! ማሽኗ የዳር ዳሩን ረጅም መስመር ጥርት አድርጋ ሳበችው። "እንድሪስ ደግሞ ፈሪ!" ብላ ነዒማ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ፊደሎቹ ጋ ስትደርስ ግን ማሽኗ በየመታጠፊያው ቷ! ቷ! እያለች ጠረጴዛውን ታንቀጠቅጠው ጀመር። ነዒማ ቀና ስትል ስሙ እንደ በሽተኛ እጅ ጽሑፍ ተንቀጥቅጧል፣ የመጨረሻዋ "ም" ደግሞ ጣት ያህል ወደ ታች ወርዳለች። የተቃጠለ እንጨት ደግሞ በላጲስ አይጠፋ!

ቤታቸው ገብተው ይዩት ብላ ጣውላዋን በሻርፕ ጠቅልላ ወደ ስንብቱ ሄደች። ዱዓው እንዳለቀ ግን አንዱ "ይገለጥ እንጂ!" አለ።

ተገለጠ። ከኋላ አንዷ "በእግሯ ነው እንዴ የጻፈችው?" ስትል ሳቅ ፈነዳ። የነዒማ ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ።

"መብራት... መብራት ዋዠቀብኝ" አለች። ውሸቷን!

ጋሽ ይማም አልሳቁም። በአውራ ጣታቸው መስመሩን ዳሰሱ፣ ከዚያ ፊደሎቹን።

"ልጄ፣ መብራት ቢሆን ቀጥ ያለውም ይበላሽ ነበር። የተበላሸው ግን መታጠፊያ መታጠፊያው ነው።"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ፍጥነቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። እንድሪስ እንዳትነኪ ብሎኝ ነበር። ሌላ ጣውላ እንደሌለዎት እያወቅኩ..." መሬት ተከፍታ ብትውጣት!

"እንዲሁ እንዳለች እሰቅላታለሁ" አሉ። ይሄማ ከጥፊ ባሰባት፤ ቤታቸው በሄደች ቁጥር ልታየው እኮ ነው! ጋሽ ይማም ጣውላዋን ብብታቸው ሥር ከተው ተነሱና፣ "አይዞሽ፣ እኔም የዚችኑ ጣውላ መኪና ቁልቁለት ላይ ልታጠፍ ስል ገልብጬ ነው የተማርኩት፦ ሩጫ ሜዳ ላይ ያምራል፣ መታጠፊያ ላይ ያሳፍራል" አሏት።