ባለግመሉና ዘይት ጨማቂው

«አንድ ባለግመል ነበረ» አሉ ጋሽ ይማም።

ዘውድነሽ የመጣችው ተረት ለመስማት አልነበረም። ጋሽ ይማም ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራና በማስተማር ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሰፈሩ ነጋዴ ግብር በደረሰ ቁጥር የሚያማክራቸው ሰው ናቸው። እሷ ከጓደኛዋ ጋር ዳቦ ቤት ልትከፍት ነው። ቤቱና ምድጃው የጓደኛዋ፣ ሙያው የእሷ፣ ትርፉ እኩል ሊሆን ተስማምተዋል። ይህን ከጨረሱ በኋላ አንድ ዘመድ «ንግድ ፈቃዱ በአንዳችሁ ስም ይውጣ፤ ሌላዋ ተቀጣሪ ነኝ ትበል፤ ግብሩ ይቀልላችኋል» ብሎ መከራቸው። ዘውድነሽም ምክሩን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እንዲህ ብናደርግና ቢታወቅብን ቅጣቱ ይከብዳል?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ይማም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ስለ ቅጣቱ ከመመለስ ይልቅ ታሪኩን እንዲህ ነገሯት።

አንድ ባለግመል ነበረ። ግመሉ ብርቱ ነው፤ ሰውየው ግን ሸክም ከማመላለስ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። በዚያው ከተማ አንድ ዘይት ጨማቂ ይኖር ነበር። ሰሊጥ በጣቱ አሸት አድርጎ ምን ያህል ዘይት እንደሚወጣው የሚናገር፣ በሙያው የተመሰገነ ሰው ነው። ከግንድ የተሠራ መጭመቂያም ነበረው። የሚያዞርለት እንስሳ ስላልነበረው ግን በራሱ ትከሻ እየገፋ ያዞረው ነበር፤ ስለዚህ ከሚመጣለት ሰሊጥ የሚበዛውን ይመልሰዋል።

አንድ የገበያ ቀን ባለግመሉ ለግመሉ መኖ የሚሆን ፋጉሎ ሊገዛ ወደ መጭመቂያው ቤት ገባ። ዘይት ጨማቂው ላብ አጥምቆት ግንዱን ሲገፋ አየውና ሳቀ።

«ይህን ሥራ ለእኔ ግመል ብትተውለት ምን አለበት?» አለው።

«ግመልህን ብትሰጠኝ ምን ከፋኝ!»

«አልሰጥህም። እንካፈል።»

ተካፋዮች ሆኑ። ግመሉ መጣ፤ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው ከግንዱ ጋር ጠመዱት። ትርፉም ኪሳራውም እኩል ነው ተባባሉ።

የዚያ አገር ደንብ ግልጽ ነበር። ሸሪኮች ሁለቱም በግብር ሹሙ ፊት ቀርበው ስማቸውንና ድርሻቸውን ያስጽፋሉ። ወደ ሥራው ይዘውት በገቡት ንብረት አይገብሩም። አንዱ ግመል ይዞ ገባ፣ አንዱ መጭመቂያ ይዞ ገባ፣ ይኸው ነው። ግብሩ ሥራው በሚያስገኘው ትርፍ ላይ ነው፤ እያንዳንዱም በድርሻው ልክ ይገብራል። በደመወዝ የሚያድር ተቀጣሪ ግን ምንም አይገብርም። ሁለቱ ሰዎች እንደ ደንቡ ሄደው ተጻፉ።

በመጀመሪያው ዓመት ሥራው ደራላቸው። ዓመቱ ሲያልቅ የመጭመቂያው ግንድ አርጅቶ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበርና ዘይት ጨማቂው «የእኔ ድርሻ ለአዲስ ግንድ ይሁን» አለ። ድርሻውን ሳይወስድ እዚያው ተወው። ግብር ሲደርስ ሹሙ ጠራው።

«የድርሻህን ገብር።»

«ምን ወሰድኩና ነው የምገብረው? ትርፌ ግንድ ሆኖ ቆሟል፤ መጥተህ እየው።»

«አምናለሁ» አለ ሹሙ። «ትርፉ ግን ያንተ ነው። ይዘኸው ቤትህ ብትገባም፣ ግንድ ብትገዛበትም የራስህ ፈቃድ ነው።»

ዘይት ጨማቂው ከአማቹ ተበድሮ ገበረ። ነገሩ አንገበገበው። ያልበላሁትን ገበርኩ እያለ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። ሚስቱ ሰለቸችው፣ ጎረቤቶቹ ሰለቹት፣ እሱ ግን አልሰለቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ግብር ሲቃረብ ባለግመሉን ለብቻው ወስዶ አንድ ሐሳብ አቀረበለት።

«ዘንድሮ ተቀጣሪ ነው በለኝ። መጭመቂያውንም ላንተ እንደሸጥኩልህ እናስመስል። ድርሻዬን ደመወዝ ነው ብንል እኔ የምገብረው ይቀራል፤ ትርፉን ግን እንደ ድሮው እኩል እንካፈለዋለን።»

«ሸሪክነታችንስ?» አለ ባለግመሉ።

«ሸሪክነታችን በእኔና በአንተ መካከል ነው። ሹሙን ምን አገባው?»

ባለግመሉ ነገሩ ባይጥመውም ጓደኛውን ይወድ ነበር፤ ባለፈው ዓመት መበደሩም አሳዝኖታል። ተስማማ። አብረው ሄዱ። ሹሙ ሁለቱን ተራ በተራ አይቶ «ተለያያችሁ እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«አዎ» አለ ዘይት ጨማቂው። «አሁን እኔ ተቀጣሪው ነኝ።»

የሹሙ ጸሐፊ የዘይት ጨማቂውን ስም ሰረዘ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሹሙ ይጠይቃል፤ ዘይት ጨማቂውም ያንኑ ይመልሳል። መጀመሪያ ሲናገረው ጆሮው ይግል ነበር፤ እየቆየ ግን ስሙን እንደመናገር ያህል ቀለለው። ወደ ቤት ሲመለሱ ዘይቱ በሚጠራቀምበት ክፍል ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡና ትርፉን እኩል ይካፈላሉ። አንዱ አንዱን አጭበርብሮት አያውቅም። ዘይት ጨማቂው ቤቱን አደሰ፤ ትልቋን ልጁንም ዳረ። ባለግመሉም ጥቂት መሬት ገዛ።

መጭመቂያው ቤት ከወንዙ ራቅ ብሎ ነበር የተሠራው። አንድ ክረምት ግን በላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ግመሉ ታስሮ ስለነበር ሞተ። ግንዱን ውሃው ነቅሎ ወሰደው። ከሁሉ የከፋው ግን ጎተራው መሄዱ ነው። በውስጡ የነበረው ሰሊጥ የሁለቱ አይደለም፤ ገበሬዎች እስኪጨመቅላቸው በአደራ ያስቀመጡት ነበር። ለአንዳንዱ ገበሬ የዓመት ቀለቡ ማለት ነው፤ ለአንዲት ባልቴት ደግሞ ከዚያ ሌላ ምንም አልነበራትም።

ገበሬዎቹ ከሰሱ። በዚያ አገር አደራ የተቀበለ ሰው ጎርፍም ቢወስደው ይተካል። ዳኛው በገበያው ዳር በተጣለ ዳስ ተቀመጠ፤ ሰዉም ተሰበሰበ።

«የመጭመቂያው ባለቤት ማነው?» አለ ዳኛው።

ባለግመሉ ተነሣ። «እኔ ነኝ።»

«ሌላስ?»

ባለግመሉ ወደ ጓደኛውም አልዞረም፤ መሬት መሬት እያየ ቆመ። የግብር ሹሙ ጸሐፊ ተጠርቶ የተመዘገበው አንድ ስም ብቻ እንደሆነ ተናገረ።

ያን ጊዜ ከገበሬዎቹ አንዱ ጮኸ። «ሁለት ናቸው! ስንት ዓመት እኩል ሲካፈሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አገር ያውቃል!»

ዳኛው ዘይት ጨማቂውን አስነሣው። «አንተስ ምኑ ነህ? ሸሪኩ ነህ ወይስ ተቀጣሪው?»

ዘይት ጨማቂው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ እውነቱን ሊናገር ቆርጦ ነበር። እዚያ ሲቆም ግን ያደሰው ቤት ታየው። የግብር ሹሙም ከዳኛው ጎን ተቀምጦ ነበር። ሸሪክ ነኝ ካለ የሰሊጡ ዕዳ እኩሌታ ይመጣበታል፤ ሳይገብር የኖረው የዓመታቱ ግብርም ይከተላል። ወደ ባለግመሉ ተመለከተ። ባለግመሉ አሁንም ቀና አላለም።

«ተቀጣሪው ነኝ» አለ። የለመደው ቃል ስለሆነ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሰዉ አጉረመረመ። ዳኛው ባለግመሉን «እውነቱን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ባለግመሉ «በየዓመቱ በሹሙ ፊት የተናገርነው እሱን ነው» አለ።

ፍርዱ በባለግመሉ ላይ ብቻ ወደቀ። መሬቱን ሸጠ። ቤቱን ሸጦ ከነልጆቹ ወደ ሚስቱ ወላጆች ገባ። ለገበሬዎቹ አንድ በአንድ ተካላቸው፤ ባልቴቲቱን ያስቀደማት ራሱ ነው። ዘይት ጨማቂው ቤቱ አልተነካበትም። በዚያ ሰሞን ግን ገበያ ሲወጣ ባለግመሉ በሚሄድበት መንገድ አይሄድም ነበር።

ጊዜ አለፈ። ገበሬዎቹ ባለግመሉ ራቁቱን እስኪቀር እንደተካላቸው አልረሱም። ሰሊጥ ሲደርስ ተሰብስበው መጡና ግንድ ቆረጡለት፤ ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ ግመል በዱቤ ሰጠው። መጭመቂያው እንደገና ተተከለ፤ ሰሊጡም ይጎርፍ ጀመር። የሚጨምቀው ሰው ግን ጠፋ። የቀጠረው ወጣት ዘይቱን ያበላሸዋል፤ ገበሬዎቹም ማማረር ጀመሩ።

ዘይት ጨማቂው ይህን ሰምቶ ደፍሮ መጣ። ባለግመሉ ከበሩ ተቀበለው፤ ወንበር ሳበለት፤ የሚጠጣ ውሃ አቀረበለት።

«ወንድሜ፣ እንደ ድሯችን እንሥራ» አለ ዘይት ጨማቂው።

«በመምጣትህ ደስ ብሎኛል። እንደ አንተ የሚጨምቅ በአገሩ የለም» አለ ባለግመሉ። «ደመወዙን ከሌሎቹ መጭመቂያ ቤቶች ከፍ አድርጌ እከፍልሃለሁ።»

ዘይት ጨማቂው ውሃውን አስቀመጠ። «ተቀይመኸኛል ማለት ነው።»

«መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር አስብ። እዚያ ዳስ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ነው ዛሬ ሰሊጡን የሚያመጣልኝ። ሸሪኬ ነው ብዬ ብመልስህ፣ ያኔ ሁለታችሁም ዋሽታችሁናል ይሉኛል። ይህ ቤት የቆመው በእነሱ እምነት ነው። ምን ላድርግ?»

ዘይት ጨማቂው በማግስቱ ሥራ ገባ። እንደ ቀድሞው ጥሩ አድርጎ ጨመቀ። ባለግመሉም ጠዋት ጠዋት እንደ ወዳጅ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ደመወዙንም ቀን ሳያሳልፍ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ዓመት ያለቀ ዕለት ዘይት ጨማቂው ሳያስበው ድሮ ትርፉን ይካፈሉበት ወደነበረው ክፍል ገብቶ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ባለግመሉ መጥቶ ደመወዙን በእጁ ሰጠው፤ የልጆቹን ደኅንነት ጠየቀውና ወጣ። ዘይት ጨማቂው እስኪጨልም ድረስ ከዚያ አልተነሣም።

ጋሽ ይማም ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ።

«ከዚያስ?» አለች ዘውድነሽ። «ሹሙ መጨረሻ ላይ ደረሰበት?»

«አልደረሰበትም።»

«ቅጣትም አልተቀጡም?»

«ማንም አልቀጣቸውም። አንቺ ቢታወቅብን ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። እኔ የነገርኩሽ ሳይታወቅ የቀረበትን ነው።»

ዘውድነሽ ወለሉን ወለሉን ማየት ጀመረች። ጋሽ ይማም ቀጠሉ።

«ልጄ፣ አንቺና ጓደኛሽ እንደነዚያ ሰዎች ናችሁ። ምድጃው የእሷ ነው፤ ሊጡን የሚያውቀው ያንቺ እጅ ነው። ዛሬ ትዋደዳላችሁ፤ እነሱም ይዋደዱ ነበር። ግብር ቢሮ ሄደሽ ተቀጣሪ ነኝ ስትዪ ከግብሩ ብቻ የምትወጪ ይመስልሻል። ከድርሻሽም እየወጣሽ ነው። ጓደኛሽ ክፉ ሰው ብትሆን ያንን ቃልሽን ይዛ ታባርርሻለች። ደግ ብትሆን ደግሞ የከፋ ነው፤ የዱቄት አቅራቢው፣ የባንኩ፣ የዳቦ ቤቱ ዕዳ ሁሉ በእሷ ራስ ላይ ሲወድቅ አንቺ ዳር ቆመሽ ታያለሽ። ያን ቀን ምን እንደምትዪ ዛሬ አታውቂውም። ዘይት ጨማቂውም አያውቅም ነበር።»

«ግን ጋሼ፣ እሱም እኮ እውነት ነበረው» አለች ቀስ ብላ። «ያልወሰደውን ትርፍ ተበድሮ መገበር ይከብዳል። እኛም የመጀመሪያውን ዓመት ትርፍ ሳንነካ ማቡኪያ ማሽን ልንገዛበት ነው ያሰብነው።»

«ይከብዳል፤ አልዋሽሽም። ግን የሱ መፍትሔ ስሙን ማሰረዝ አልነበረም። ‹ከትርፉ አስቀድመን የግብሩን እናንሣ፤ ግንዱን በቀረው እንግዛ› ቢል ኖሮ ባለግመሉ እንቢ ይለው ነበር? አላለም እንጂ። እናንተ በሉ። በሽርክናችሁ መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ይህንኑ አስገቡት፤ የግብሩ መጀመሪያ ይነሣል፣ ማሽኑ የሚገዛው ከሚተርፈው ነው። ምድጃውም እሷ ያመጣችው መሆኑ ይጻፍ፤ ድርሻችሁም ይጻፍ። ማሽኑ አንድ ዓመት ቢዘገይ በእጅ ታቦኪያለሽ።»

ዘውድነሽ ቦርሳዋን አነሣች፤ ግን አልቆመችም።

«እሷን ምን ልበላት? ዘመዳችን ያለውን ወዳዋለች።»

ጋሽ ይማም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «በዳኛው ፊት ለብቻዋ እንድትቆም እንደማትፈልጊ ንገሪያት» አሉ። «ከዚያ ሁለታችሁም ተያይዛችሁ ቢሮው ሂዱ፤ ስማችሁንም ጎን ለጎን አስጽፉ።»