ለሦስት የተቆፈረ ትል

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት አህያ፣ አንድ ቀበሮና አንድ ጅብ በአንድ ሐይቅ ዳር ዓሣ ያጠምዱ ነበር። አህያና ጅብ አብረው? አዎ፣ አብረው። ነገሩ እንዲህ ነው።

አህያዋ ዓመቱን ሙሉ የሰው ጭነት ስትሸከም ትከርማለች። ጳጉሜ ሲገባ ግን ጌታዋ ለበዓል ሽር ጉድ ሲል ይረሳታል። ጀርባዋ እስኪላጥ የምትችለው ያቺን አምስት ምሽት እየናፈቀች ነው። ዳገት ላይ ዱላ ሲያርፍባት ዓይኗን ጨፍና የሐይቁን ሽታ ታስባለች።

ሥራው የጋራ ነበር። ክሩ ከአህያዋ ጭራ ፀጉር ይገመዳል። መንጠቆውን ቀበሮ ከግራር እሾህ ይሠራል፤ አራዳ ነው፣ እጁ የማይገባበት የለም። ጅብ ከጉልበት በቀር ምንም ስለሌለው ትል ይቆፍራል። አንድ መሐላም ነበራቸው፦ ክር ውሃ ውስጥ እያለ ማንም በማንም ላይ ጥርሱን አይገልጥም።

በአራተኛው ምሽት ነፋሱ ጋብ አለ። ፀሐይ ከማዶው ጋራ ጀርባ ስትወርድ ውሃው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ የጠጅ መልክ ያዘ። ዓሣ ሲነክስ እንዲያሳብቁ ክሩ ላይ የታሰሩት የደንገል ቁራጮች ውሃው ላይ ዝም ብለው ተኝተዋል። ዓሣ ብቅ ብሎ ሲጠልቅ የውሃው ክብ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ቄጤማውን ይነካል።

«አንቺ ዓሣ አትበዪም፤» አላት ጅብ። «ምን ሊያደርግልሽ ነው እዚህ የምትገተሪው?»

«እኔ ለዓሣው አይደለም የምመጣው፣ አያ ጅቦ።»

«ታዲያ ለምኑ ነው?»

«ክሩ ነዘር ሲል ልቤም አብሮ ነዘር ይላል። ደግሞ እዚህ ማንም ‹ሂጂ!› አይለኝም። ይኸው ነው።»

ጅብ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ገባህ?»

«አንተ ዝም ብለህ ትልህን ቆፍር።»

ዓሣው ሲከፋፈል ቀበሮ ሦስት ጥቃቅኖችን ወደ ጅብ ገፋ፤ አንዱን ግዙፍ አምባዛ እሱ ጋ አስቀረ። «ላንተ ሦስት፣ ለኔ አንድ። ታላቄ ስለሆንክ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ፤» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ። አህያዋ ሳቋን በአፍንጫዋ አፈነችው።

በአምስተኛው ምሽት ግን ዓሣ የሚባል ጠፋ። ጅብ የደንገሉን ቁራጭ ማየት ትቶ የአህያዋን ታፋ ማየት ጀመረ። ትንሽ ቆየና ክሩን ቀስ ብሎ ከውሃው አወጣ፤ ደረቅ መሬት ላይ አጋደመው። ቀበሮ በጎን አየው። ጀንበር ሳትጠልቅ ክሩን የሚያወጣ አጥማጅ የለም።

«እመት አህዪት፤» አለ ቀበሮ ዞር ሳይል፣ «ክርሽ ውሃው ውስጥ ባለው ደንገል ሥር ተይዟል። ግቢና አላቅቂው።»

«አልተያዘም እኮ።»

«ተይዟል ካልኩሽ ተይዟል። ግቢ።»

ገባች። ውሃው ሆዷን ሲነካት ጅብ ዘለለ። የደረሰው ግን ጭራዋ ላይ ብቻ ነው። እሷም በሁለት ኮቴዋ ግንባሩን አለችው፤ የጭራዋ ጫፍ ከነፀጉሩ አፉ ውስጥ ቀረ፣ እሷ እየዋኘች ማዶ ተሻገረች።

«መሐላህስ?» አለ ቀበሮ።

«ክሬን አውጥቻለሁ እኮ፤» አለ ጅብ ግንባሩን እያሸ። «ውሃ ውስጥ አልነበረም። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ዛሬ እሷን፣ ነገ እኔን። በል ደህና ሁን፣ ጋሼ።» መንጠቆዎቹን ሰብስቦ ሄደ፤ አንዷን ግን ረስቶ።

ዓመት ዞሮ ጳጉሜ ገባ። ጅብ ብቻውን መጣ። ያችን ነክሶ ያስቀራትን የጭራ ፀጉር እንደ ምንም ገመዳት፣ የተረሳችውን መንጠቆ አሰረባት። ትል ቆፍሮ ቀና ሲል ሦስት ቦታ ከምሮታል። እጁ ለምዶ ነው።

አንድ አምባዛ ያዘ፣ ትልቅ። የሚያካፍለው ስለሌለ ሙሉውን ብቻውን በላ። ጣዕሙ የት እንደገባ አላወቀም። «ሦስቱ ጥቃቅን ይሻሉ ነበር፤» አለ ለራሱ።

ያኔ ማዶ ያለው ቄጤማ ተከፈለና አህያዋ ብቅ አለች። ውሃው ዳር ቆማ፣ ክር የሌለበትን ውሃ ትክ ብላ ታያለች።

«እመት አህዪት!» ብሎ ተጣራ። «ትል ቆፍሬያለሁ። የሦስታችንንም።»

ጆሮዎቿ ቆሙ። አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። ይሄኔ አንዲት ዝንብ ጀርባዋ ላይ አረፈች። አህያዋ ልታባርራት ጭራዋን አነሳች፤ ጭራዋ አልደረሰም። እግሯን ከውሃው አወጣችና ቀስ እያለች ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጅብ ሐይቁ ዳር ሲጮህ ሰዎች «ራበው» ይላሉ። ርቦት ቢሆንማ በልቶ ዝም ባለ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ዓሣ ነገም እንደሚያዝ፣ አጠገባችን ተቀምጦ አብሮን ውሃ የሚያይ ወዳጅ ግን አንዴ ከነከስነው እሱም ቢናፍቀን ተመልሶ እንደማይሻገር ነው።